አሥራ አንድ «እስማማለሁ»

እሑድ፣ ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ መብራት መጣ። ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ሰዓቱን የማስታውሰው ኮምፒውተሩ እስኪነሣ ድረስ የግድግዳውን ሰዓት እመለከት ስለነበር ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል። ደንበኛ አልነበረም። ከመሳቢያው ደብተሬን አውጥቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ ጨርሼ ደብተሩን ወደ ቦታው መለስኩት። አሥራ አራት ደቂቃ ፈጀብኝ። የምነግራችሁ በዚያ አሥራ አራት ደቂቃ ውስጥ ስላደረግሁት ነገር ነው።

ስሜ ዘሪሁን ወልደ ጊዮርጊስ ነው። አሰላ ከተማ ውስጥ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶኮፒ ቤት አለችኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። መተየብም፣ ኮምፒውተርም፣ እንዲህ ሐሳብን በወረቀት ማስፈርም ራሴን በራሴ ያስተማርኩት ነው። ጉድለት ብታገኙበት ከዚያ የመጣ ነው። የምጽፈው እንድታዝኑልኝ ብዬ አይደለም። በየከተማው እንደ እኔ ያለ ቤት እንዳለ ስለማውቅ ነው።

ታላቅ እህቴ ብርቄ አርቦዬ ከተማ አስተማሪ ነበረች። ባሏ ቶላ የውኃ ሞተር ይጠግናል። ለሊሴ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። በዚያ ዓመት ብርቄ አንድ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሚሰጠውን የዲግሪ ትምህርት ጀምራ ነበር። ተማሪዎቹ በቡድን ተከፋፍለዋል። የእርሷ ቡድን አሥራ ሁለት ሰው ነው፤ አብዛኞቹ አሰላና አካባቢዋ ያሉ ሠራተኞች ናቸው። ሁለቱ ነርሶች ነበሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መምህሩ በየሳምንቱ በውይይት ገጹ ላይ አንድ ጥያቄ ያወጣል። እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን መልስ ይጽፋል፤ ከዚያ ሌሎች ሁለት ተማሪዎች የጻፉትን አንብቦ አስተያየት ይሰጣል። በእንግሊዝኛም በአማርኛም መጻፍ ይቻላል። የሚይዘው አምስት ነጥብ ነው። ዓላማው አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያልቻሉ ሰዎች እርስ በርስ እንዲተዋወቁና አንዱ ከሌላው እንዲማር ነው። ይህን ያነበብኩት መመሪያው ላይ ነው። ለአሥራ አንድ ሰው አትሜላቸዋለሁ።

ነገሩን የጀመረው ሚፍታ ነው። ሚፍታ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሰው የሚወደው። አንድ ቀን ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና፣

«ዜሪ፣ ሥራ ወጥሮኛል። ለሁለት ሰው ‹ጥሩ ብለሃል› በልልኝና ልሂድ» አለኝ።

«ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«እኔ ምን አውቄ! ጥሩ ነገር ነው የሚጽፉት፣ ዩኒቨርሲቲ ናቸው እኮ።»

ጻፍኩለት። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ሰው ይዞ መጣ። እነዚያም ሌሎች አመጡ። ጥቅምት ሳያልቅ አሥራ አንዱም የመግቢያ ስማቸውንና የይለፍ ቃላቸውን ደብተሬ ላይ ጽፈው ሰጡኝ። ይከፍሉኝ ነበር። የራሳቸውንም መልስ ከዚህም ከዚያም ቃርሜ የምጽፍላቸው እኔ ነበርኩ። ሚፍታ «ፕሮፌሰር» እያለ ይጠራኝ ጀመር። «አሥራ አንድ ዲግሪ በአንድ ጊዜ የሚማር ሰው በአርሲ ምድር አንተ ብቻ ነህ» ይለኝ ነበር። እስቅ ነበር።

አሥራ ሁለተኛዋ ብርቄ ናት። እርሷ የራሷን ራሷ ትጽፋለች። ይህን ሥራ እንደምሠራ አታውቅም። ሰዎቹም እህቴ መሆኗን አያውቁም፤ እኔን የሚያውቁኝ «ዘሪሁን ኮፒ» በሚል ስም ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ «መልስ» የሚል ፋይል ነበረኝ። ውስጡ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገሮች አሉ። «እስማማለሁ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው።» «ምክንያቶችሽ አሳማኝ ናቸው።» «በሚገባ አስበሽበታል፣ በውሳኔሽ ጽኚ።» እንዲህ እንዲህ ያሉ። እየቀያየርኩ እለጥፋቸዋለሁ። የብርቄ ጽሑፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ገጹ ላይ ስለሚገኝ የአሥራ አንዱም ሰው የመጀመሪያ አስተያየት ወደ እርሷ ነበር የሚሄደው። ሁለተኛውን ለማንም እጥለው ነበር።

የፋሲካ ዕለት ኢተያ አባታችን ቤት ተሰበሰብን። ብርቄ ሰባተኛ ወሯን ይዛ ነበር። አባታችን ወልደ ጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ስንዴ ሲያመርቱ የኖሩ ናቸው። ብርቄ ስልኳን ከእጇ አልለይ ስትል፣

«አንቺ ልጅ፣ በዓል አይደለም እንዴ! አስቀምጪው እንጂ ያንን ነገር» አሏት።

«ክፍል ውስጥ ነኝ እኮ አባባ።»

«መምህሩ የታል?»

«መምህሩ ይጠይቃል፤ እኛ እርስ በርስ እንመላለሳለን። አንዱ የጻፈውን ሌላው ያነብባል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ ከተሳሳተ ያርመዋል። አሥራ ሁለት ነን።»

አባባ ትንሽ አሰቡ። «ደቦ ነው በይኛ» አሉ።

«አዎ! ደቦ ነው!»

«እንግዲያማ ማጭድ የሚያወዛውዝ አይጠፋችሁም።» ወደ ቶላ ዞሩ። «ይህ ኮምባይነር ሳይመጣ፣ በእኛ ጊዜ፣ በየደቦው እንዲህ ያለ አንድ ሰው ነበር። ከሰልፉ አይቀርም። ጎንበስ ቀና ይላል። ዘፈኑን ከሁሉ አብልጦ ይቀበላል። ከሩቅ ላየው ጎበዝ አጫጅ ነው። በኋላ ዞር ብለህ ስታይ በእርሱ በኩል ያለው ስንዴ እንደቆመ ነው።»

«ታዲያ ምን ታደርጉታላችሁ?» አለ ቶላ።

«ምን እናደርገዋለን፣ ጠላ ሲቀዳ እንዘልለዋለን።»

ሁሉም ሳቀ። ብርቄም እየሳቀች፣ «የእኛ ሰዎች እንኳ ችግራቸው ሌላ ነው» አለች። «ምንም ብጽፍ ይስማማሉ። አንድ ሰው እንኳ ‹ተሳስተሻል› ብሎኝ አያውቅም። ጳጳስ የሆንኩ እስኪመስለኝ ድረስ!» ከዚያ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «አስያ የምትባል ነርስ ግን አለች፣ እናንተው ከተማ ናት። ‹በርቺ እህቴ› ትለኛለች። ሌሎቹ ‹እህቴ› አይሉም። ስወልድ መጥቼ አገኛታለሁ። አታውቃትም ዘሪዬ?»

«አላውቃትም» አልኳት።

አስያን አውቃት ነበር። «እህቴ» የሚለውንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን በአስያ ስም ስመልስ፣ ለእህቴ መሆኑን ረስቼ ሳይሆን አስታውሼ፣ ያቺን ቃል ጨመርኩ። ያን ዕለት እውነቱን ብነግራት ትቆጣኝ ነበር፤ ከዚያ ታልፈው ነበር። አልነገርኳትም።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልመለስ። መብራቱ ሲመጣ ገጹን ከፈትኩ። የብርቄ ጽሑፍ እንደተለመደው ከላይ ነበር። ረዥም ነው። «ዛሬም አረዘመችው» ብዬ አሰብኩ። ይህን ማሰቤን አስታውሳለሁ። አላነበብኩትም። ከ«መልስ» ፋይል እየገለበጥኩ አሥራ አንድ ጊዜ ለጠፍኩ። በአስያ ስም የለጠፍኩት «በሚገባ አስበሽበታል፣ በውሳኔሽ ጽኚ እህቴ» የሚለውን ነበር። ከዚያ ሱቁን ዘግቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ቶላ ደወለ። እርሱ ሲጠራኝ «ሶዳ» ነው የሚለኝ፤ በኦሮምኛ አማች እንደማለት ነው።

«ሶዳ፣ ብርቄ ወደቀች። ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ጤና ጣቢያ ነን። አምቡላንሱ ሊነሣ ነው፤ ወደ ሆስፒታል ሊወስዷት ነው።»

አራት ሰዓት ላይ እንደገና ደወለ። እርሱ መናገር አልቻለም። አንዲት የማላውቃት ሴት ስልኩን ተቀብላ ነገረችኝ። የእርግዝና ደም ግፊት ነው አለች። ጤና ጣቢያው የሚችለውን ሁሉ አድርጓል፤ ነገር ግን ዘግይታ ነበር የደረሰችው። እርሷም በሆዷ ያለውም ልጅ መንገድ ላይ አረፉ።

ረቡዕ አርቦዬ ቀበርናት። አላለቀስኩም። ሰዎች ሲያቅፉኝ ትከሻቸው ላይ ያለውን የነጠላ ጥለት አያለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ስንት ወንበር እንዳለ ቆጥሬያለሁ፤ ስልሳ ሁለት ነበር። በሦስተኛው ቀን ቶላ አጠገቤ ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መሬት መሬት እያየ ነው የተናገረው።

«እሑድ ሊመሽ ሲል ‹ተነሺ እንሂድ› ብያት ነበር። ራሷን በሻሽ አስራ ነበር። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ትለኛለች። እሺ ብላኝ ነበር እኮ ሶዳ። ነጠላዋን ይዛ ነበር። ከዚያ ‹ቆይማ› ብላ ስልኳን ከፈተች። ‹አየህ ቶላ፣ አሥራ አንድ ሰው አይቶታል። አሥራ አንዱም እስከ ረቡዕ ብቆይ ተስማምቷል። ሁለቱ ነርሶች ናቸው› አለችኝ። እኔ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። አሥራ አንድ የተማረ ሰው ካለ በኋላ እኔ ምን እላለሁ? መጎተት ነበረብኝ። እጇን ይዤ መጎተት ነበረብኝ።»

ሻይ አመጡልን። ጠጣሁ።

ሰኞ፣ ግንቦት 19 ቀን፣ ሱቄን ከፈትኩ። ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቶ ከሚፍታ መልእክት መጣ።

«ሰላም ፕሮፌሰር፣ የት ጠፋህ? ሱቁ ተዘግቶ ከረመ። አንዲት የክላሳችን ልጅ፣ የአርቦዬዋ፣ አርፋለች አሉ። መምህሩ ውይይቱ ላይ ጽፎታል። ለአሥራ አንዳችንም የሐዘን ቃል ጻፍልንማ፤ ዝም ብንል ሰው ይታዘበናል። ልብ የሚነካ ይሁን።»

ደብተሩን አወጣሁ። ለምን እንዳወጣሁት አላውቅም። እጄ የለመደውን ነው የሠራው። «ነፍስ ይማር፤ ለቤተሰቧ መጽናናትን እመኛለሁ» ብዬ በመጀመሪያው ሰው ስም ለጠፍኩ። በሁለተኛው ስምም ለጠፍኩ። ለራሴ ነበር መጽናናትን የምመኘው። ሦስተኛውን ስከፍት ገጹ ወደ ላይ ተንሸራተተና የብርቄ ጽሑፍ መጣ። ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ አነበብኩት። የሳምንቱ ጥያቄ «በዚህ ሳምንት ልትወስኑት ያሰባችሁትን አንድ ነገር ከነምክንያቱ ጻፉ፤ ጓደኞቻችሁ ምክንያታችሁን ይፈትሹላችሁ» የሚል ነበር። ትምህርቱ ሎጂክ ነው። እርሷ የጻፈችው ይህን ነው፦

«የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ከአራት ቀን ጀምሮ ራሴን ያመኛል፣ እግሬና እጄ አብጧል፣ አንዳንዴ ዓይኔ ላይ ብልጭ ይላል። የክትትል ቀጠሮዬ ረቡዕ ነው። እስከዚያ ልቆይ ወስኛለሁ። ምክንያቴ፣ አንደኛ፣ በመጀመሪያ ልጄም ጊዜ እግሬ አብጦ ነበር፣ በሰላም ወልጃለሁ። ሁለተኛ፣ ሰኞና ማክሰኞ ተማሪዎቼን እፈትናለሁ። ነገር ግን ባለፈው ሳምንት ‹አንድ ጊዜ የሆነ ነገር ሁልጊዜ እንዲሁ ይሆናል› ማለት የአስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ተምረናል። የእኔ ምክንያት ያ ይሆን? ምክንያት ነው ወይስ ሰበብ? ከእናንተ ውስጥ ነርሶችም አላችሁ። እባካችሁ አትዘኑልኝ፤ አፍርሱልኝ።»

ከሥሩ አሥራ አንድ መልስ አለ። አሥራ አንዱንም አነበብኳቸው።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። በሩ ላይ ሰው ቆመ። አስያ ነበረች፣ ከሥራ ልብሷ ጋር። ሰላምታም አልሰጠችኝም።

«ዘሪሁን፣ ያቺ የአርቦዬዋ ብርቄ በወሊድ ግፊት ነው የሞተችው አሉ። መምህሩ ስለ ሕመሟ ጽፋ ነበር ብሏል። እስቲ ክፈትልኝ። እኔ ምን ብያት ነበር?»

ማያ ገጹን ወደ እርሷ አዞርኩት። ቆማ አነበበች። አንብባ ስትጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረች። ከዚያ ስሟ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

«ይህ እኔ ነኝ?»

«አዎ ሲስተር።»

«‹በውሳኔሽ ጽኚ እህቴ›።» ድምጿ አልተለወጠም። «እኔ የእናቶች ክፍል ነው የምሠራው ዘሪሁን። ይህን ለማወቅ ትልቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ራስ ምታት፣ እብጠት፣ የዓይን ብልጭታ፤ ለተማሪ የምናስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ብታሳየኝ ኖሮ አንድ ቃል ነበር የምላት። ‹ተነሺ›። በቃ። ‹አሁኑኑ ተነሺ›።»

«እህቴ ናት» አልኩ።

«ማን?»

«ብርቄ። የአባቴ ልጅ፣ የእናቴ ልጅ።»

አስያ አየችኝ። ከዚያ ለደንበኛ ያስቀመጥኳት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። «ኢና ሊላሂ» አለች ቀስ ብላ። አንድ ሰው ፎቶኮፒ ሊያነሳ መጥቶ አየንና ተመልሶ ሄደ። በኋላ ነገርኳት፤ ቶላ የነገረኝን፣ ብርቄ ልታገኛት ትፈልግ እንደነበረ፣ «ስወልድ መጥቼ አገኛታለሁ» ማለቷን።

«ስሜን ታውቅ ነበር?»

«ታውቅ ነበር።»

«እኔ ግን የእርሷን አላውቅም ነበር» አለች። «ስምንት ወር አብረን ተምረን፣ ስሟን የሰማሁት ስትሞት ነው።»

ቡድኑን የሰበሰበችው አስያ ናት። ቅዳሜ፣ ግንቦት 24፣ ሱቄ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ተጨናንቆ ቆመ። ብርቄ የጻፈችውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የተመለሰላትንም በየስማቸው እየጠራሁ አነበብኩ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ከዛሬ ጀምሮ አልሠራም፤ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ» አልኳቸው። በመጀመሪያ የተናገረው ሚፍታ ነው። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«አላህ ያጽናህ ወንድሜ። እህትህ መሆኗን ባውቅ ያንን መልእክት አልልክም ነበር፣ ወላሂ። ግን እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ይህ ውይይት ነው እንጂ ክሊኒክ አይደለም። ጤና ጣቢያ አጠገቧ ነበር። ለአምስት ነጥብ ተብሎ የተጻፈ ነገር ሰው ይገድላል?»

«ለአምስት ነጥብ ተብሎ መጻፉን እርሷ ታውቅ ነበር?» አለች አስያ።

ሚፍታ ዓይኑን ወደ ደብተሩ መለሰ።

«ባንመልስላት ኖሮ ባሏን ትሰማ ነበር። ተነሥታ ነበር እኮ። ያስቀመጣት የእኛ መልስ ነው። ዝምታ ይሻላት ነበር ሚፍታ።»

«ክፉ አላልናትም እኮ። አላነበብንም ነው እንጂ።»

«እኔስ ምን አልኩ?» አለች። «እርሱ ነው ጥፋታችን።»

በዛብህ የሚባል ከመካከላቸው አንዱ ቀስ ብሎ ደብተሩን ሳብ አደረገና የእርሱ ስም ያለበትን ገጽ ቀደደ። ሌሎቹም ተራ በተራ ቀደዱ። ሚፍታ መጨረሻ ላይ ቀረ። ገጹን ቀድዶ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሊወጣ ነው ስል በሩ ላይ ቆመና ዞረ።

«የዚህ ሳምንት ጥያቄ ምንድን ነው?» አለ።

ማንም አላወቀም። ዘጠኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቆሞ የሚማረውን ትምህርት ጥያቄ የሚያውቅ አልነበረም።

«እንግዲህ አንብቡታ» አለ ሚፍታ። «እኔ መነጽሬን አልያዝኩም። አንዳችሁ አንብቡልኝ።»

አስያ አነበበች። ሚፍታ አንድ መልስ ሰጠ፣ በዛብህ «ይህማ ስሕተት ነው» አለው። ሚፍታ ተቆጣ። «ከየት አባትህ አመጣኸው?» አለው። በዛብህ ከመጽሐፉ አሳየው። ሚፍታ አየና «እሺ፣ እዚህ ላይ አንተ ትክክል ነህ» አለ። ብርቄ ስምንት ወር የጠበቀችው ይህንን ነበር። እኔ ኮምፒውተሬ ጥግ ተቀምጬ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። መምጣት የማይችል በስልክ ይገባል። አንድ ደንብ አውጥተዋል፤ ከመካከላቸው ሁለት ቀን ድምፁ የጠፋ ሰው ካለ አንዱ ይደውልለታል። ስለ ትምህርቱ አይጠይቀውም፤ «ደኅና ነህ ወይ?» ነው የሚለው። ሌላም አለ፤ «እስማማለሁ» የሚል ሰው የተስማማበትን ነገር በራሱ ቃል መድገም አለበት። ይህን ያመጣው ሚፍታ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ እኔ ግን አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ቶላ በየሳምንቱ ይደውልልኛል። በደወለ ቁጥር ያንኑ ይላል። «መጎተት ነበረብኝ ሶዳ።» ሥራ ትቷል። ጎረቤቶቹ ለሊሴን እያበሉ ያሳድሯታል። አባባም «ያ ልጅ ራሱን ሊጎዳ ነው» ብለው ነገሩኝ። እኔ የማውቀውን ይዤ ዝም አልኩ። ብናገር እንደሚጠላኝ አውቃለሁ፤ ዝም ብል ደግሞ ያላደረገውን ተሸክሞ እንደሚኖር አውቃለሁ።

በአርባኛው ቀን፣ ቅዳሜ ሰኔ 22፣ አርቦዬ ሄድን። ተዝካሩ አልቆ ሰው ሲበተን ቶላንና አባባን ጓሮ ወሰድኳቸው። የተሰበሩ ሞተሮች የተከመሩበት ነው። ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ደብተሩ፣ ስለ ዘጠኙ ዓረፍተ ነገሮች፣ ስለ አሥራ አራቱ ደቂቃዎች። «አሥራ አንዱም እኔ ነኝ» አልኩ።

አባባ በትራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ «ማጭድ ስታወዛውዝ ነበር» አሉ። ወደ ቤት ገቡ።

ቶላ አንድ የዛገ ሞተር ላይ ተቀመጠ።

«ብታነበው ስንት ደቂቃ ይፈጅ ነበር?»

«ሁለት።»

«እኔ አርባ ቀን ሙሉ ‹እኔ ነኝ የገደልኳት› ስል ነው የከረምኩት። ይህን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እጁ ላይ ግን ምንም አልነበረም። ከውስጥ ለሊሴ «አባዬ» ብላ ተጣራች። ተነሣ።

«ወደ ቤትህ ሂድ ሶዳ» አለኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ገባ። በዚያ ሳምንት ወደ ሥራው መመለሱን ሰዎች ነገሩኝ። ለእኔ ግን አልደወለም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ምክሬ አጭር ነው። ሰው ሐሳቡን ጽፎ ፊታችሁ ሲያስቀምጥ፣ በኢንተርኔትም ቢሆን፣ ፊት ለፊት እንደተቀመጠ ሰው ቁጠሩት። ጊዜ ከሌላችሁ «አላነበብኩም» በሉ፤ አያሳፍርም። ሳታነቡ «እስማማለሁ» አትበሉ። የተማራችሁ ከሆናችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ሰው ስማችሁን አምኖ ይቀመጣል፣ ስማችሁን አምኖ ይነሣል። ስማችሁን ለሌላ ሰው ጣት አትስጡ። እንደ እኔ ያላችሁ፣ በየከተማው ሱቅ ከፍታችሁ የምትሠሩ፣ ያንን ደብተር ዛሬውኑ ቅደዱት። አብሮ መማር ማለት አንዱ የሌላውን ስሕተት ማየት ነው። የማያየን ሰው አብሮን አይደለም።

አስያ የዚያ ሳምንት ነጥቧ እንዲሰረዝ ለዩኒቨርሲቲው ጽፋ ነበር። መልስ አልመጣም። የሎጂክ ውጤት ሐምሌ 9 ቀን ወጣ። ለዚያ ሳምንት ውይይት ብርቄ ወልደ ጊዮርጊስን ጨምሮ የቡድኑ አሥራ ሁለት ተማሪዎች በሙሉ ከአምስት አምስት አግኝተዋል።